ነፋሱ ሳይተኛ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፣ እኔ ዓባይ ማዶ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ጣና ሐይቅ የሚወራውን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠግቤዋለሁ፣ ውኃው ሰው ይጠራል የሚሉትን፣ ደንገሉ ውስጥ የሚያለቅስ አለ የሚሉትን፣ ሁሉንም ሰምቼ አንዱንም ሳላምን ነው አርባ ዓመት የደፈንሁት። ኮሌጅ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባልደረቦቼ መምህራን ክበብ ቁጭ ብለው የመንፈስ ወሬ ሲጀምሩ የማበሽቃቸው እኔ ነበርሁ፣ «በጨለማ የታየ አይቆጠርም፣ በቀን የታየ ካለ ንገሩኝ» እላቸው ነበር። እግዜር ይህችን ንግግሬን ሰምቶ መሆን አለበት፣ የኔው የመጣብኝ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ባሕር ዳር ፈረንጅ ማየት ብርቅ በሆነበት በዚህ ሰሞን አንዲት ካናዳዊት መጣች። ስሟ ኤለን ነው፣ ስድሳን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት (እንግሊዝኛ «አንቱ» ስለሌለው ነው እንጂ እንዲህ «እሷ» እያልሁ የማወራት በዕድሜ ታላቄ ናት)። አስተርጓሚ ስትፈልግ አንድ ባልደረባዬ ወደኔ መራት። ሐይቁ ዳር ያረፈችበት ሆቴል ግቢ ተገናኘንና ገና ወንበር ሳልስብ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ ነው፣» አለችኝ፣ «ዋልተር። ባለፈው ክረምት ሞተ። ከመሞቱ በፊት የዘመቻ ትዝታውን ቀድቼው ነበር።»

ዋልተር ኮሪያ የዘመቱ ወታደር ናቸው። ያኔ ካናዳም ወታደር ልካ ነበር፣ እኛም ልከን ነበር። ድምፃቸው የደከመ የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ግን ይሰማል። ስለ ብርዱ አወሩ፣ የረጠበ ካልሲያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው እያደረቁ ይተኙ እንደነበር፣ የቆርቆሮ ባቄላው በረዶ ሆኖ ከሸሚዛቸው ውስጥ ሆዳቸው ላይ እንደሚያሟሙት። ከዚያ ስለ አንድ ኮረብታ፣ አጠገባቸው ስለፈነዳው የመድፍ ጥይት፣ ዓይናቸው ተቃጥሎ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ድንኳን ውስጥ ስለነቁበት ቀን ተናገሩ። ካናዳዊም ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ የቆሰለ ሁሉ እዚያ ድንኳን ይመጣ ነበርና ከጎናቸው ባለው አልጋ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ተኝቷል። ቋንቋ አይግባቡም። ሰውየው ግን በየማታው እጃቸውን ይይዛል፣ ሲጋራ ለኩሶ ከከንፈራቸው ያደርግላቸዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁለት እጃቸውን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት አንቀሳቀሰላቸው። «ሳቅሁ፣» ይላሉ ዋልተር፣ «ቀዘፋ ነው! እኔም ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው አንድ ነገር ያስጠናቸው ጀመር። የዋልተርን እጅ በዋልተር ደረት ላይ ያስቀምጥና አንድ ንግግር ይላል፣ እሳቸው ይደግማሉ፣ ሲሳሳቱ እንደገና ይላል። አንድ ማለዳ ላይ ድምፁ አልመጣም። ሌሊት ሞቷል አሏቸው። ፋሻው የተፈታላቸው ከተቀበረ በኋላ ስለሆነ ፊቱን አላዩትም፣ ነርሷ በቁራጭ ወረቀት የጻፈችላቸውን ስም ብቻ ይዘው ቀሩ፣ ታፈረ፣ ደንቢያ።

«ትርጉሙን አላወቀውም፣» አለችኝ ኤለን፣ «እንዳይረሳው ብሎ ግን ከመተኛቱ በፊት በየቀኑ ይለው ነበር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። እናቴ ጸሎት ይመስላት ነበር። እኔ እሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ ይወስደኝ የነበረው። ምን ማለት እንደሆነ ልትነግረኝ ትችላለህ?»

እውነቱን ለመናገር የሰባ ዓመት የተምታታ ድምፅ ምኑ ይገባኛል ብዬ ነበር። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጄን ነፋሱ ሳይተኛ ውኃ አታስገቡብኝ። ትጠብቀኝ፣ እኔው እወስዳታለሁ።»

እመኑኝ፣ የተምታታ ነገር የለበትም። የደንቢያ፣ የሰሜን ጣና ዳር ሰው አማርኛ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ድምፁ ራሱ የጎልማሳ ድምፅ መሰለኝ። ካበቁ በኋላ ደግሞ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ ይሰማል፣ ቸብ… ቸብ… ውኃ የሚመታ ነገር። ኤለንን «የት ነው የቀዳሻቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። «መኝታ ቤቱ፣ ውጭው በረዶ ነበር፣» አለችኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያውን ነገርኋት፣ ልጁን ነፋስ ሳለ ውኃ እንዳያስገቡበት መናገሩን። መጨረሻውን ግን «ትጠብቀኝ፣ እመጣለሁ» ብዬ አለዘብሁት። በኛ ቋንቋ የሞተ ሰው «እወስዳታለሁ» ሲል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ከሩቅ ለመጣች ሴት እንዲህ ያለ ቃል ምን ያደርግላታል ብዬ ነው። አለቀሰች፣ «ምን ያለ ፍቅር ነው» አለች።

ቆላ ድባ እህል የሚነግድ አጎት አለኝ፣ ጋሼ ውበቱ ይባላል፣ ደንቢያ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። ደወልሁለት። በሳምንቱ መልሶ ደወለና «ያንተ ታፈረ የሐይቅ ዳር ሰው ነው፣» አለኝ፣ «ኮሪያ ሞቶ አጽሙ አዲስ አበባ ነው ያረፈው። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፣ መንኩሳለች። እዚያው እናንተ ደጅ ናት'ኮ!» እማሆይ ወለተ ኪሮስ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ብዙ በማይርቅ ደሴት ላይ ባለ የእማሆዮች ገዳም። ጋሼ ውበቱ በእመምኔቷ ስልክ አነጋግሯቸው እንደምንመጣ ነገራቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት በምንሄድበት ቀን ማግሥት ባሕር ዳር የሐኪም ቀጠሮ እንዳላቸውም ሰማንና፣ እንግዲያው በኛ ጀልባ ይመለሳሉ ተባባልን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሻገርን። ጀልባ ነጂው አበጀ ይባላል፣ ሐይቁ ላይ ያረጀ ሰው ነው፣ ወሬ አያበዛም። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እንመለስ፣» አለን፣ «ነፋስ አለ።»

እማሆይ ከጎጇቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ቢጫ ቆባቸውን ደፍተው፣ ትንሽ ጥቅላቸውን ለጉዞ አዘጋጅተው። ሰባ አምስት ቢሆናቸው ነው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ፣» አሉ። «ኑ ተቀመጡ። ፈረንጇ የታለች?»

ኤለን እጃቸውን ያዘች። እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኋቸው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ፋሻው፣ ስለ ቀዘፋው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ኤለን ቅጂውን ከፈተች። ቃሉ አንዴ አለፈ። እማሆይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ድገሚልኝ በላት።»

ደገመችላቸው።

«ይህ ፈረንጅ አይደለም፣» አሉኝ።

«እማሆይ፣ የሷ አባት ናቸው፣ ሸምድደውት ነው።»

«ስማኝ ልጄ። አባቴ የፊት ጥርሱን በቅሎ ሰብራው ነበር። ‹ስ› ሲል ያፏጫል፣ እናቴ እስክትሞት ስታስቀኝ የኖረችው ያንን እየቀዳች ነው። አድምጥ እስቲ።»

አደመጥሁ። ነፋሱ፣ ሳይተኛ፣ አታስገቡብኝ፣ በያንዳንዱ ላይ ቀጭን ፉጨት አለ፣ እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼው አላስተዋልሁትም። ልብ በሉ፣ እንግሊዝኛውን ሲናገሩ የለም። ወደ ኋላ መልሰን አረጋገጥን። ሸምድደውት ነው፣ ፉጨቱንም አብረው ሸምድደውት ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ፣ ያስኬዳልም። እሱን እያሰብሁ ሳለሁ ግን ከጎጆዋ ጀርባ ቸብ… ቸብ… የሚል ሰማሁ። ስልኩ ጠፍቷል። ተነሥቼ ዞሬ አየሁ። ደንገል ነው፣ ውኃ ነው፣ ታንኳ የለም፣ ሰው የለም። ስመለስ ኤለን ወደዚያው እያየች ነበር። «ማን ነው?» አለችኝ። «ማንም፣» አልኋት።

እማሆይ ታሪኩን ነገሩን። እናታቸው ሁለት ልጅ ቀብረው ነው እሳቸውን ያገኙት። አባትየው «ይቺ ከቆመችልኝ በገዛ ታንኳዬ ቀዝፌ ማዶ ማርያም ወስጄ አሳልማታለሁ» ብለው ተስለው ነበር። ሳያደርሱት ዘመቱ። ያኔ እማሆይ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው። መርዶው ሲመጣ እናታቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው እንፍራንዝ ተመልሰው ሌላ ባል አገቡ፣ ስለቱም እዚያው ቀረ። ደንቢያ ዳርቻ ያለችውን ማዶ ማርያምን እማሆይ በዕድሜያቸው ሙሉ አላዩዋትም።

«ታዲያ ለዚች ሴት ምን ብለህ ነገርኻት?» አሉኝ በመሐል።

«ቃሉን ነዋ።»

«ሁሉን?»

ዓይናቸው አያይም፣ ግን በቀጥታ ወደኔ ዞረው ነበር። ዞሬ ለኤለን የቀረውን ነገርኋት፣ «እኔው እወስዳታለሁ» የምትለውን። ትቆጣኛለች የሚል ፍርሃት ነበረኝ፣ አልተቆጣችም፣ ፊቷ ግን ቀለሙ ተለወጠ።

«እንግዲያው አባቴ ሰባ ዓመት ሙሉ ‹እኔ ራሴ እወስዳታለሁ› ሲል ነው የኖረው?»

«ቃሉ የታፈረ ነው፣» አልኋት፣ «እሳቸው የደገሙት ብቻ ነው።»

«እሱ አያውቅም ነበር'ኮ፣» አለች። «እጁን የራሱ ደረት ላይ አድርጎ ነበር የሚለው።»

በዚህ መሐል አበጀ ከታች ጮኸ። ነፋሱ ተነሥቷል፣ ውኃው ነጭ ነጭ ማለት ጀምሯል፣ አሁን ካልሄድን ይመሽብናል። ጥቅላቸውን አነሣሁ፣ እማሆይን በክንዳቸው ደግፌ እስከ ድንጋዩ ወደብ አወረድኋቸው። እግራቸውን ጀልባው ላይ ሊያነሡ ሲሉ ቆሙ።

«አልገባም።»

«እማሆይ?»

«ነፋሱ አልተኛም።»

እንግዲህ እዚያ ላይ ነው የተናደድሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማታ ተማሪዎች አሉኝ፣ ጀልባው ይንቀጠቀጣል፣ ቀጠሯቸው ካለፈ ደግሞ እንደገና ወራት መጠበቅ ነው። «እማሆይ፣ የሰባ ዓመት ቃል ነው'ኮ! እርስዎ ሕፃን ሳሉ የተባለ ነው!» አልኋቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ይቅር ይበለኝ።

«የደረሰኝ ግን ዛሬ ነው፣» አሉኝ በለሆሳስ። «ዛሬ ደግሞ ነፋስ አለ። ጠብቂኝ ካለኝ እጠብቀዋለሁ። እናንተ ሂዱ።»

አበጀ «ነገ ማለዳ ሲረጋ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ ተዋቸው» አለኝ። ጥቅላቸውን ጎናቸው አስቀመጥሁላቸው። ወደቡ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ፣ ትተናቸው ሄድን።

መሐል ሐይቅ እስክንደርስ ማዕበሉ እየናጠን ነው፣ ኤለን ሁለት እጇን አግዳሚው ላይ ተክላ፣ እኔ ጫማዬ ውኃ ገብቶበት። ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ቀነሰ ማለቴ አይደለም፣ ቆመ። በር ስትዘጉበት እንደሚቋረጥ ድምፅ። ውኃው እንደ ዘይት ተኛ። ፀሐይዋ በቀኛችን ናት፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነው፣ በዚያ ሰዓት ጣና እንዲህ ሲሆን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም፣ አበጀም አላየም መሰለኝ፣ ሞተሩን አጠፋው። ለምን አጠፋኸው አላልሁትም፣ መጥፋቱ ትክክል መስሎ ተሰማኝ።

ከዚያ መጣ። ቸብ… ቸብ… ቸብ…

ከደሴቲቱ በኩል፣ ጀልባችንን በሩቁ ቀኝ አድርጋ፣ አንዲት የደንገል ታንኳ ታልፋለች። ፊቷን ያዞረችው ወደ ባሕር ዳር አይደለም፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰፊው ውኃ ነው። ከፊት አንድ ሰው ተቀምጧል፣ ቢጫ ቆብ ደፍቷል። ከኋላ አንድ ረጅም ሰው ይቀዝፋል።

«ቆሞ ነው የሚቀዝፈው፣» አለ አበጀ፣ ሹክ ብሎ። «ታንኳ ላይ ተቆሞ አይቀዘፍም። ይገለበጣል።»

ሰውየው ግን ቆሟል፣ ረጅም ግራጫ ካፖርት ለብሷል፣ በዚያ ፀሐይ። ራሱ ላይ ነጭ ነገር ታስሯል፣ ሻሽ መሰለኝ፣ ከዚያ ልብ ብዬ ሳይ ከራሱ ወርዶ ዓይኖቹን ሸፍኗቸዋል። እየቀዘፈ ነው፣ ሳያይ፣ አንዲት ቀዘፋ ሳይስት። አበጀ እንደ ሐይቅ ሰው ደንብ እጁን አንሥቶ «እንዴት ዋላችሁ!» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም፣ አንድ ቀጭን ፉጨት ብቻ ውኃው ላይ ተንሸራትቶ መጣ።

ኤለን ብድግ አለች፣ ጀልባው አዘነበለ። «ዳዲ!» ብላ ጮኸች። «ዳዲ!» እንደ ሕፃን ልጅ፣ ያቺ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት። ያዝኋት። ታንኳዋ ዞር አላለችም፣ አልፈጠነችም፣ ዓይናችን እያየ ከፀሐዩ ነጸብራቅ ውስጥ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ የለችም። ነፋሱም ወዲያው ተመለሰ።

«ሐይቅ ዳር ሳለን፣» አለችኝ ኤለን ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ሁልጊዜ ቆሞ ነበር የሚቀዝፈው። እናቴ ትጮህበት ነበር።»

አበጀ ምንም ሳንለው ጀልባውን ወደ ደሴቲቱ መለሰ። ድንጋዩ ባዶ ነው። እማሆይም የሉም፣ ጥቅላቸውም የለም። እመምኔቷ ወርደው «ከናንተ ጋር አልሄዱም እንዴ?» አሉን። ጎጆዋን አየን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞርን፣ ደንገሉን በረጅም እንጨት እየገላለጥን ፈለግን። የደሴቲቱ ሁለት ታንኳዎች እንደታሰሩ ናቸው። እማሆዮቹ ማልቀስ ጀመሩ። በኔ ደረት ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የጮኽሁባቸው ጩኸት። የአባታቸውን ቃል አመጣሁላቸው፣ ቃሉን አምነው ቁጭ አሉ፣ እኔ ለማታ ተማሪዎች ስል ዓይነ ስውር አሮጊት ውኃ ዳር ትቼ ሄድሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ውበቱ ነው።

«አንተ ደሳለኝ!» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። «ሰው ስትልክብኝ አትነግረኝም?»

«ማንን ላክሁ?»

«እማሆይን ነዋ! የማዶ ማርያም ቄሶች ናቸው አሁን የደወሉልኝ። ቅጥሩ ውስጥ ተቀምጠው አገኟቸው፣ የኔን ስም እየጠሩ። ምነው አሁን ለአሮጊት መኪና አይያዝም? በምን መጡ?»

እዚያው ወደቡ ላይ ተቀመጥሁ። የደንቢያ ዳርቻ ከኛ ደሴት የሐይቁ ሌላኛው ጫፍ ነው። በታንኳ ስትቀዝፉ ብታድሩ ብትውሉ አትደርሱም። በመኪና እንኳ፣ መንገዱ በተከፈተ ቀን፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኛ ከተለየናቸው ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ኤለን በሦስተኛው ቀን ሄደች። አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛት ከኔ ይልቅ እሷ የተረጋጋች ነበረች፣ «ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው» አለችኝ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆይታ «ጨርሶ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። አበጀን ብትጠይቁት ያየሁት የለም ነው የሚላችሁ። ለኔም እንደዚያው ነው የሚለኝ።

መንገዱ እስኪከፈት ጠብቄ ቆላ ድባ ሄድሁ። እማሆይ ጋሼ ውበቱ ቤት ነበሩ፣ በረንዳው ላይ፣ ደኅና፣ እንዲያውም ወዝ ያለው ፊት ነው ያየሁት። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ተነሥ፣ ተነሥ፣» አሉኝ። «ምን አደረግህ? ያደረስኸኝ አንተ ነህ።»

«ማን ነው የወሰደዎት እማሆይ?»

«አባቴ ነዋ።» ሳቁ። «ነፋሱ እንደተኛ መጣ። እጄን ይዞ አስገባኝ። ትልቅ እጅ፣ ቀዝቃዛ፣ ጠጉር ያለው። እናቴ አጭር ሰው ነው ትለኝ ነበር፣ እሱ ግን ሲደግፈኝ ክንዱ ከራሴ በላይ ነው። አንተ አይተኸዋል አሉኝ። አባቴ ረጅም ነው?»

በረንዳው ላይ ዶሮ ትጭራለች፣ ጋሼ ውበቱ ከውስጥ ስልክ ያወራል፣ ሁሉ ነገር ተራ ነው። «ረጅም ነው፣ እማሆይ» አልኋቸው።

«አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ሁሉ መንገድ ጠየቅሁት። ስለ እናቴ ጠየቅሁት፣ ስለሞቱት ወንድሞቼ፣ ያለበት ስፍራ ይበርድ እንደሆን። የሚመልስልኝ ያችኑ ነው። ልጄን ነፋሱ ሳይተኛ፣ ትጠብቀኝ፣ እኔው እወስዳታለሁ። ደግሞ ዝም። ደግሞ ያችኑ፣ ዳዊት እንደሚያጠና ልጅ። ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። አባቴ አማርኛውን ረስቶት ይሆን?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ማን እንደነበረ ልንገራቸው? ያን ጊዜ አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር፣ እመኑኝ።

«ሰባ ዓመት ብዙ ነው፣ እማሆይ» አልኋቸው።

«ብዙ ነው፣» አሉ፣ አምነውኝ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ግን ይመለሳል። ሲለየኝ እጄን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የማለልኝ። ስለዚህ ዓይኔን እታከማለሁ ልጄ፣ ውበቱ ጎንደር አስቀጥሮልኛል። ሲመጣ ፊቱን ማየት አለብኝ። አንተም ከጎኔ ሁን፣ ያየኸው አንተ ነህ፣ እሱ መሆኑን ትነግረኛለህ።»

እሺ አልኋቸው።

ይህን የምጽፈው ጎንደር፣ አልጋ ከያዝንበት ሆቴል ነው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሐኪሙ ነገ ጧት ያያቸዋል። እማሆይን ከጎኔ ባለው ክፍል አስገብቼ፣ በሩን ራሴ ዘግቼላቸው ነው የመጣሁ፣ አብሯቸው ማንም አልገባም። ግድግዳው ስስ ነው። ከቅድም ጀምሮ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ፣ ጸሎት ይሆናል ብዬ ነበር፣ ጸሎት ግን እንዲህ አይደለም፣ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ሄጄ ላንኳኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ።